በቦታው ያሉ ሁሉ

እማማ አንድ ቀን ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው ይውላሉ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም ጭምር። የእጅ ስልካቸውን ሲነኩ እንኳ አሁን አንድ ነገር አበላሻለሁ እያሉ ጣታቸው የሚርበተበት ሴት ናቸው። ግን የልጅ ነገር ሆነባቸውና ተቀመጡ።

ልጃቸው የምትሠራው እቤት ነው። በመኝታ ቤቱና በሳሎኑ መካከል፣ ድሮ ሻንጣና ብርድ ልብስ ይታጨቅባት የነበረች ጠባብ ክፍል አለች፤ እዚያ ውስጥ ጠረጴዛ አስገብታ፣ ከጎረቤት ግድግዳ በቀር ምንም የማያሳይ መስኮት ሥር ትቀመጣለች። ሥራዋ ወንዝ መጠበቅ ነው ቢባል ሰው ይስቃል። እውነቱ ግን እንደዚያ ነው። ላይ፣ ከተራራው ሥር፣ ግድብ አለ። ታች፣ ወንዙ ተንጣልሎ በሚተኛበት ሜዳ፣ አሸዋ ጫኞች አካፋቸውን ይዘው ወንዙ ሆድ ውስጥ ይውላሉ። ግድቡ ሲሞላ በሩ ይከፈታል፤ በሩ ከመከፈቱ በፊት ደግሞ ታች ያሉት መውጣት አለባቸው። ይህን የምታረጋግጠው የእማማ ልጅ ናት። ትደውልላቸዋለች፣ ወጥተናል ይሏታል፣ እሷም ይከፈት ትላለች። እዚያ ታች ገልባጭ መኪና ይዞ የሚውለው ደግሞ ባሏ ነው፤ የእማማ አማች፣ የትንሿ የሚጢጢ አባት። ስለዚህ ለእማማ ይህ ሥራ የወር ደሞዝ ብቻ አልነበረም። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ልባቸው ስቅል ይላል።

የዚህ ሥራ ሰዎች አንድ ቤት አይገናኙም። አንዱ ግድቡ ዳር ነው፣ አንዱ ዝናብ መለኪያው ጋ፣ አንዱ መሃል ድልድዩ ላይ፣ አንዱ ዋናው ቢሮ። ሁሉም የሚገናኙት ሰሌዳው በሚሉት ነገር ነው፤ ኮምፒዩተሩ ላይ የተዘረጋ የወንዙ ካርታ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። እያንዳንዱ ሠራተኛ በካርታው ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ናት፤ ከሥሯ «ላይኛው»፣ «ዝናብ»፣ «መሃል»፣ «ታችኛው»፣ «ቢሮ» የሚል ተጽፎባታል። አንዱ እጁን ሲያንቀሳቅስ ነጥቡ በሁሉም ዘንድ ትንቀሳቀሳለች። አንዱ ሲጽፍ ፊደሉ ገና ከጣቱ ሲወጣ ሁሉም ያየዋል። እጁን ጥቂት ካሳረፈ ደግሞ ነጥቡ ትጠወልግና ግራጫ ትሆናለች፤ ያኔ ከቢሮው «የት ነሽ?» የሚል በራሱ ይመጣል። ግራጫ ያበዛ ሰው ቦታውን ለሌላ ይለቃል።

ሚጢጢ ደረቷ ደካማ ነው። አንድ ቀን ትንፋሽ አጠራትና ልጅቷን ተሸክሞ ሐኪም ቤት መሮጥ መጣ። እናቷ በአንድ እጇ ሕፃኗን፣ በሌላው የእማማን ክንድ ይዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ መዳፋቸውንም ማውሱ ላይ ጫነችው።

«እማዬ፣ ይቺን ይዘሽ እንዲሁ ክብ ክብ አድርጊያት። ሌላ ምንም፣ ምንም እንዳትነኪ።»

ዞረው የተመለሱት ከሰዓት በኋላ ነው። እማማ ከወንበሩ አልተነሱም፤ እጃቸው ደንዝዞ እንደ ሌላ ሰው እጅ ሆኖባቸው ነበር። ነጥቧ ግን አረንጓዴ እንደሆነች ውላለች።

ከዚያ ወዲህ ለመዱት። እንዲያውም ጥቂት ኩራት ገባቸው። በቀኝ እጃቸው ማውሱን እያዞሩ በግራቸው የሚጢጢን ካልሲዎች ያጣምራሉ። ጎረቤታቸው ጎራ ብላ ምነው ጠፉ ስትላቸው ሥራ ላይ ነኝ ብለው መለሱላት፤ ሴትዮዋ ለሰፈሩ ስታወራ ውላ እማማ በእርጅናቸው ተቀጠሩ ተብሎ ተሳቀ። ልጃቸውም ለመደችው። መጀመሪያ ሐኪም ቤት ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ ገበያ ሆነ፣ ቀጥሎ ደግሞ እስቲ ጋደም ልበል። እማማ ይህ አካሄድ አላማራቸውም። አንድ ነገር ቢመጣስ ብለው ሲጠይቁ ልጃቸው ስቃ፣ አንድ ነገር ከመጣ ላይኛው ስልክ ይደውላል፣ ሁሌም እየደወለ ነው የሚከፍተው አለቻቸው።

ስልኩ የቀረው በዚያው ሰሞን ነው። ቢሮው ስልክ ሥራ ያጓትታል ብሎ አዲስ ነገር ሰሌዳው ላይ ጨመረ። በሩ ይከፈት የሚለውን ሐሳብ ዝናብ መለኪያው በራሱ ያቀርባል፤ ሁሉም ሰሌዳ ላይ ሣጥን ይወጣል፤ ከሣጥኑ ሥር እያጠረች የምትሄድ መስመር አለች። መስመሯ ሳታልቅ የተቃወመ ከሌለ፣ በቦታው ያለ ሁሉ እንደተስማማ ይቆጠርና በሩ ይከፈታል። ልጅቷ ይህን ለባሏ እራት ላይ ስትነግረው አማችየው ሳቀ፤ ይህ ነገር ያኔ ቢኖር ኖሮ ሽማግሌ እየላክሁ አልለማመጥም፣ ሣጥኑን ለእማማ ልኬ መስመሯ እስክታልቅ እጠብቅ ነበር አለ። እማማ ግን ይህን ጨዋታ አልሰሙም። ለሚጢጢ መድኃኒቷን ሊያጠጡ መኝታ ቤት ገብተው ነበር፤ ሲመለሱ ወሬው ወደ መኪናው ጎማ ዞሯል።

አንድ ጠዋት ሚጢጢ እንደገና አፈናት። እናቷ ይዛት ወጣች። ሰማዩ በዚህ በኩል ጥርት ያለ ነበር፤ በተራራው በኩል ግን እንደ ቆሻሻ ጥጥ የተከመረ ደመና ይታያል። እማማ ማውሱን ያዙ።

ካልሲዎቹን አጣምረው ሳይጨርሱ ሣጥኑ ወጣ።

መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ሳብ አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ። ማንበቡን ያውቃሉ፤ ልጅ ሳሉ ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ አባታቸው ይበቃሻል ብለው እስኪያስወጧቸው ድረስ። «የላይኛው በር ሙሉ በሙሉ ይከፈት። የሚቃወም ይግለጽ።» ከሥሩ መስመሯ ታጥራለች።

መጀመሪያ ለልጃቸው ደወሉ። ስልኳ ዝግ ነው። ለአማቻቸው ደወሉ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። አሸዋ ሲጭን ስልኩን መኪናው ውስጥ ጥሎት ነው የሚወርደው። እማማ ስልኩን አስቀመጡና ሣጥኑን ትክ ብለው አዩት። የልጃቸው ቃል ጆሮአቸው ውስጥ አለ፤ ሌላ ምንም እንዳትነኪ። እሺ፣ አልነካም አሉ። ግን በራሳቸው መንገድ መልስ ሰጡ፤ ዝም አሉ።

በዚህ ቤት የእማማ ዝምታ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ባላቸው በሕይወት ሳሉ የጓሮውን መሬት እንሽጠው ብለው አማከሯቸው፤ እማማ ከንፈራቸውን ገጥመው ዝም አሉ፤ መሬቱ አልተሸጠም። ለልጃቸው መጀመሪያ የመጣውን ጠያቂ ወላጆቹ ይዘውት መጡ፤ እማማ ዝም አሉ፤ ሰዎቹ ቆባቸውን አንስተው ሄዱ። እሳቸው እምቢ የሚለውን ቃል ሲናገሩ የሰማ የለም፤ ዝም ካሉ በቅቷል። እናም ያን ጠዋት ከንፈራቸውን ገጥመው፣ አገጫቸውን ከፍ አድርገው፣ እጃቸው ነጥቧን እያዞረ፣ ሣጥኑን በሙሉ ኃይላቸው ዝም አሉት።

መስመሯ አለቀች። ሣጥኑ ታጥፎ በቦታው ሌላ ጽሑፍ መጣ። «በቦታው ያሉ ሁሉ ተስማምተዋል። በሩ እየተከፈተ ነው።» ከሥሩ የተስማሙት ስም ተደርድሯል፤ መጨረሻው ላይ «ታችኛው» ይላል።

እማማ ደጋግመው አነበቡት። ታችኛው ማለት ልጃቸው ናት። ልጃቸው ማለት እዚህ እሳቸው ናቸው።

መጻፊያው የት እንደሆነ ልጃቸው ስትጽፍ አይተዋል። አንድ ጣታቸውን አወጡ። ፊደሎቹን ቁልፎቹ ላይ አንድ በአንድ እየፈለጉ ጻፉ፤ ሰው አለ። ከዚያ ጠበቁ። የጻፉት እዚያ ካርታው ላይ ቁጭ ብሏል፣ ሁሉም ዘንድ ይታያል። የሚመልስ የለም። ነጥቦቹ ግን አረንጓዴ ናቸው፤ ይንቀሳቀሳሉ።

እማማ ያኔ ነው አንገታቸውን ወደ ፊት አስግገው ነጥቦቹን በደንብ ያዩት። ዝናብ ይዞራል። መሃል ይዞራል። ቢሮም ይዞራል። ላይኛው ይዞራል። የትም አይሄዱም፣ ምንም አይነኩም፣ እያንዳንዳቸው በየቦታቸው ክብ ክብ ይሠራሉ። ይህን አዟዟር እማማ ያውቁታል። የራሳቸው ነው። ከእያንዳንዱ ነጥብ ጀርባ ሌላ ምንም እንዳትነካ የተባለ አንድ እጅ ተቀምጧል። ሰሌዳው ላይ የሥራው ሰው አንድም የለም።

እንደገና ጻፉ፤ ታች ሰው አለ ውሃው ይቁም። ፊደል ተሳሳቱ፣ አላስተካከሉትም። በልጃቸው ሥራ ላይ የሚመጣውን ሁሉ ባንድ ጊዜ አሰቡት፤ ከዚያ የአማቻቸው ከሲታ ጀርባ ከአካፋው ጋር ጎንበስ ቀና ሲል ታያቸው። ጨመሩ፤ እኔ እሷ አይደለሁም እናቷ ነኝ።

ላይኛው ነጥብ ቆመች።

ለጥቂት ጊዜ እንደቆመች ቆየች፤ ልትጠወልግ ስትል ፊደሎች መምጣት ጀመሩ። እንደ እማማ ፊደሎች ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ፣ እየተደናበሩ ነው የሚመጡት።

«እኔም ሚስቱ ነኝ። እሱ ወጣ ብሏል።»

እማማ እግዚኦ አሉ። ሴትየዋ ቀጠለች፤ በሩ በራሱ እየተነሳ እንደሆነ በመስኮት እያየችው ነው፣ ውሃው መውጣት ጀምሯል፣ ድምፁ ክፍሉን እያናወጠው ነው። ግድግዳው ላይ ቀይ መያዣ አለ፤ ወደ ታች ሲስቡት በሩ ይቆማል ሲባል ሰምታለች። ግን ባሏ ምንም እንዳትነካ አስጠንቅቋታል።

እማማ መለሱላት።

«እኔንም ብላኛለች። ሳቢው ልጄ።»

ነጥቧ ግራጫ ሆነች። እማማ ተነስተው ቆሙ፣ ተቀመጡ፣ እንደገና ቆሙ። ሦስቱ ነጥቦች ይዞራሉ። ይህ ሁሉ ሲጻፍ ከእነሱ አንዱም አላቆመም፤ ማንበብ የማይችል እጅ ይሁን ማንበብ የተከለከለ እጅ ማን ያውቃል። በመጨረሻ ላይኛው ተመልሳ አረንጓዴ ሆነች። «ቆመ» የሚል መጣ። ቀጥሎ፣ ደግሞ ቀስ ብሎ፤ «የወጣው ግን ወርዷል እናቴ።»

አማቻቸው ወደ ማታ ሲመለስ ሱሪው እስከ ታፋው ጭቃ ነበር። ነገሩን በቀልድ ነው ያወራው፤ ውሃው ከየት መጣ ሳይባል ጉልበት ደርሶ የአንዱን ጫማ ይዞ ሄደ፣ ሰውየው አንድ እግሩን ባዶ ሆኖ ስንስቅበት ዋልን አለ። ሚስቱ አልሳቀችም። እማማ ጠዋት የሆነውን ሁሉ ሲነግሯት ሚጢጢን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ሰምታ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ እያለች ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ለቢሮው ጻፈች። እውነቱን ግን አልጻፈችም፤ መስመሯ ቶሎ ታልቃለች፣ ለሰው ሕይወት ያሰጋል ብቻ አለች። እማማ ሁሉንም ለምን አልተናገርሽም ብለው ሲቆጧት ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ነጥቧ የእናቴ እጅ ነበረች ብዬ ብናገር ነገ እዚህ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ያስቀምጣሉ። ያ ሰው ባሌን አያውቀውም፣ እማዬ።»

ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ደግሞ ሲመሽ ይጠፋል እንጂ መዝገብ አይገባም። የቢሮው መልስ ፈጥኖ መጣ። መዝገቡ ሲታይ በዕለቱ አምስቱም ሠራተኞች በቦታቸው እንደነበሩና ያለ አንዳች ክርክር እንደተስማሙ፣ ስለ ትጋታቸውም እንደሚመሰገኑ ይገልጻል። መስማማቱ ይህን ያህል ከቀለለ ጊዜው ሊያጥር ይችላል፤ አንድ ሰው ስላመነታም ሥራ አይቆምም፣ ከእንግዲህ አብላጫው ይበቃል ይላል። በሩ መሃል ላይ መቆሙን የቴክኒክ ብልሽት ብሎታል።

ከዚያ በኋላ በዚህ ቤት ሁለት ነገር ተለወጠ። አማችየው ስልኩን ከሸሚዙ ኪስ እንዳያወጣ ተነገረው፤ እማማ ራሳቸው ኪሱ ላይ ቁልፍ ሰፍተው ዘጉለት፣ እሱም እንደ ተማሪ ልጅ አድርገውኛል እያለ ይስቃል። ሁለተኛው፣ እማማና የላይኛው ሚስት ስልክ ተለዋወጡ። ሁለቱም ወንበር ላይ በተቀመጡ ቀን ይደዋወላሉ። የሴትየዋን ፊት አይተውት አያውቁም፤ ሳቋን ግን ያውቁታል። ባሏ ያን ቀን ቀዩን በመሳቧ እንደጮኸባት፣ ብልሽት ተብሎ ባይታለፍ ከሥራ ይባረር እንደነበር፣ ደግሞ ከነካሽ ሁለተኛ እዚህ አትቀመጪም እንዳላት አጫውታቸዋለች። እማማም ወንድ ሁሉ አንድ ነው ብለው አጽናንተዋታል። ስለ ምጥ፣ ስለ ወገብ ሕመም፣ ስለ ሚጢጢ ደረት ያወራሉ፤ በየመሃሉ አንዷ አለሽ ትላለች፣ አንዷ አለሁ ትላለች። ወንዙን ይጠብቅ የነበረው፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ይህ ብቻ ነበር። ይህንን የሚያውቅ ግን ቢሮ ውስጥ አልነበረም።

ልጅቷ ከወንበሩ ላለመነሳት ማለች። ጠበቀችውም፤ ሚጢጢ ግን የእናቷን መሐላ አታውቅም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነ። እናቷ ሕፃኗን አቅፋ አንዴ ወንበሩን፣ አንዴ በሩን አየች። እማማ ሂጂ አሏት። በሁለቱም በኩል ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ተራራውም አናቱ ይታያል፣ ሂጂ አሏት። ሄደች።

እማማ ማውሱን በቀኝ፣ ስልኩን በግራ ያዙ። ለላይኛው ሚስት ደወሉ። ይጠራል። ምናልባት እጇን እየታጠበች ይሆናል ብለው ዘጉና ጥቂት ቆይተው ደገሙ። ይጠራል። ሰሌዳው ላይ ላይኛው አረንጓዴ ነው፤ ይዞራል።

ሲያዩት አንድ ነገር ደስ አላላቸውም። ምን እንደሆነ ወዲያው አልያዙትም። የሰው እጅ ይደክማል፤ ያስነጥሳል፣ አፍንጫውን ያክካል፣ ያዛጋል፤ ክቧ አንዴ ትሰፋለች፣ አንዴ ትንጋደዳለች። የእሳቸው ነጥብ እንደዚያ ናት፣ የሴትየዋም እንደዚያ ነበረች። ይቺ ግን አታዛጋም። ከክቧ ፀጉር ታህል አትወጣም፣ አትዘገይም፣ አትፈጥንም። እማማ ማውሱን ማዞር ትተው በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። ሰውየው ሚስቱን አንስቶ በቦታዋ የሚሽከረከር ዕቃ አስሮበታል። ላይኛው ዘንድ ቀዩን የሚስብ ሰው ቀርቶ፣ የሚያይ ዓይን የለም።

ሣጥኑ ያኔ ወጣ።

ሰማዩ ጥርት እንዳለ ነው፤ ከተራራው ወዲያ፣ እማማ በማያዩት ሰማይ፣ ዘንቦ ይሆናል። እቃወማለሁ የሚለውን አሁን ያውቁታል። ተጫኑት። ጎልቶ፣ በቀይ፣ «ታችኛው ተቃውሟል» የሚል ወጣ። አራቱ ነጥቦች ይዞራሉ። መስመሯ ካለፈው ይልቅ አጭር ናት፤ ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ እንኳ አትቆይም። «በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል። በሩ እየተከፈተ ነው።»

እማማ ኮምፒዩተሩን ተዉት። ለአማቻቸው ደወሉ፤ በሁለተኛው ጥሪ አነሳው። ከጀርባው አካፋ አሸዋ ሲዝቅ ይሰማል።

«ውጣ» አሉት። «ሁሉንም ይዘህ ውጣ።»

«እማማ፣ ደረቅ እኮ ነው። ግማሽ ጭነት ነው የቀረን፣ እሱን ሞልተን...»

«መኪናውን ተወው አልኩህ።»

እንዲህ ሲናገሩት ሰምቶ አያውቅም። ስልኩን ከአፉ አርቆ ሰዎቹን ሲጠራ ሰሙት። ሰዎቹ ያጉረመርማሉ። አንዱ አማትህ ናቸው እንዴ የጠሩህ፣ ለቁጣ ነው ወይስ ለቡና ሲለው ሌሎቹ ሳቁ። አካፋ መኪናው ላይ ሲጣል ጮኸ። ጠጠር ላይ የብዙ እግር ኮቴ ተሰማ፤ ሰነፍ ኮቴ፣ የማይቸኩል። እማማ ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ ይላሉ፤ የሚሰማቸው እንደሌለ ያውቃሉ። ዳገቱ ላይ አንዱ ያን ጊዜ ውሃ ስለወሰደው ጫማ ነገር ጣል አደረገና እንደገና ተሳቀ።

ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ነው ያቆሙት።

ከዚያ እማማ ስልኩ ውስጥ ሌላ ድምፅ ሰሙ፤ መጀመሪያ ነፋስ መሰላቸው። ኮቴው ሩጫ ሆነ። ብረት ተንገጫገጨ፣ ከባድ ነገር ተገለበጠ፣ ሰዎች በየቅጽል ስማቸው ተጠራሩ። የውሃው ድምፅ ሁሉንም ዋጠው። ስልኩን ጆሮአቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ቆሙ። ሰሌዳው ላይ የራሳቸው ነጥብ ግራጫ ሆና፣ «የት ነሽ?» የሚል ከቢሮው መጥቷል።

አማቻቸው ወደ ስልኩ ተመለሰ። ትንፋሹ ይቆራረጣል። ወጥተናል እማማ አለ፣ እላይ ነን፣ መኪናው ሄዷል። ሁላችሁም ናችሁ ወይ ብለው ጠየቁት። ቆይ አላቸው። ጓደኞቹን አንድ በአንድ ሲቆጥር ይሰማቸዋል። ቆጥሮ ጨረሰ። ከዚያ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደገና ከመጀመሪያው መቁጠር ጀመረ።